ሠርግ የሌለበት መጨረሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

እህቴ ይታይሽ ትታ የሄደቻቸውን ልብ ወለዶች እያነበብኩ ነው። ሁሉንም የጻፉት ሴቶች ናቸው። የዛሬውን ስጨርስ ደነገጥኩ። ልጅቱ ሊያጯት የመጡትን ሽማግሌዎች መለሰች፤ ከተማ ገብታ ቤት ተከራየች፤ አለቀ። እኔ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሽማግሌ የላከው ሰውዬ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር። የተቀደደ ገጽ ያለ መስሎኝ መጽሐፉን አገላብጬ አየሁት።

እማዬ ለነገው የእህቴ አርባ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ይሄ ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው? ሳታገባ ያልቃል እንዴ?» አልኳት።

ቀና አላለችም። «እህትህም የመጡላትን ሽማግሌዎች መልሱልኝ ብላኝ ነበር። ልጁን አልጠላሁትም፣ ብቻ ማግባት አልፈልግም አለችኝ። ለአባትህ ሳልነግረው ታመመች።»

በቀብሯ ዕለት አልቃሿ «ሙሽራዬ፣ ቬሎሽን ሳትለብሺ» እያለች አስለቀሰችን። ሳታገባ ለሞተች ልጅ የሚለቀሰው እንዲህ ነው። ከሁሉም በላይ «ሙሽራዬ» እያልኩ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። እማዬ ያን ሁሉ እየሰማች ዝም ብላለች።

«እና ነገ ምን ብዬ ላልቅስላት?»

«ስም አውጥቼላት የለም እንዴ?» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን በስሟ እንዳልጠራኋት አሁን ገባኝ። ክፍሌን ዘግቼ ልሞክር አልኩ። «ይታ...» ብዬ ቀረሁ።