የማዶ ሰዓቶችና አንዲት ሰኪን

ኅዳር 6፣ ኮኪት፣ ከቀኑ 7 ሰ.

የእርሻው ትራክተር ዛሬም አልነሣም አለች። ኢንጀክተሩን ፈታሁ፣ አጠብሁ፣ ገጠምሁ። ምሳ ላይ ወደ ቤት፣ ቀጥታ ወደ ሳጥኔ። ጥሩነሽ እጄን ሳልታጠብ ሳጥን መክፈቴን አይታ ሕፃኗን ልጃችንን በባዶ እግሯ ፊቴ አስቀመጠቻት። የባለቤቴን ነገር አውቀዋለሁ። የጫማዋ ገንዘብ የት ደረሰ ማለቷ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ። አሥራ አንድ የእጅ ሰዓት፣ ሰባት ሰኪን አለኝ። ሁሉም ከድንበሩ ማዶ። ሱዳን አጨዳ ውለው የሚመለሱ ሠራተኞች ከገላባት ያመጡልኛል። ሰኪን ያው ቢላዋ ነው፣ ሱዳኖች ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት። በር ዘግቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ አስራለሁ። ቀኑን ሙሉ ግራሶ የለበሰው ክንዴ ያን ጊዜ የጌታ ክንድ ይመስለኛል።

ሰዓቶቹን እሞላለሁ እንጂ አላስተካክልም። በመጡበት በሱዳን አቆጣጠር ይሄዳሉ። የእኛ ሰባት ሲል የእነሱ አሥራ ሁለት፤ ሱዳን ከፈረንጁ ሰዓታችን በአንድ ትዘገያለች። ሳጥኑን ስከፍት ድንበር የተሻገርሁ ይመስለኛል። ቂልነት ነው። ይሁን።

ኅዳር 9፣ ጧት

አዳነ መጣ። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣው፣ አሁን የእርሻውን የውሃ ሞተር የሚጠብቀው። ሞተሩ እንዳይቃጠል መቼ መቼ ላሳርፈው፣ ጋሸ፣ ይለኛል። ቁጥር አያነብም። ከሳጥኔ አንዷን ሰዓት አውጥቼ ክንዱ ላይ አሰርሁለት። ትንሹ ቀስት ሁለት ቁጥር ባለፈ ጊዜ ሁሉ ሞተሩን አጥፋው አልሁት። ወደ እኛ አቆጣጠር አላዞርኋትም። ለዚህ ሥራ ምን ለውጥ አለው? ክንዱን እንደታመመ ሰው ወደ ላይ ይዞ ሄደ። ሳቅሁ፣ ደስም አለኝ።

ኅዳር 11፣ ከቀኑ 10 ሰ.

የፈሩት ይደርሳል። ትናንት ስብሰባ ላይ ወንበዴ ከማዶ መልእክተኛ ይልካል ተባለ። ዛሬ ገበያው ተከበበ፣ አብዮት ጥበቃዎች ሰዉን አንድ ባንድ ፈተሹ። ጥሩነሽ እዚያው ነበረች፣ ሁሉን አይታ መጣች።

አዳነን ስንት ሰዓት ነው አሉት። ማንበብ ስለማይችል ክንዱን ዘረጋላቸው። አለቃቸው ጓ/ ጣሰው ድሮ የድንበር ወታደር ነበር። ሰዓቷ ከእኛ በስድስት ብትለይ የፈረንጅ ነው ብሎ ባለፈው። የሚለየው በአምስት ነው። ያ ደግሞ በዚህ ድንበር የሱዳን ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። ማን ሰጠህ ሲሉት፦ «ኧረ ጌቶቼ፣ መንገድ ወድቆ ነው ያገኘሁት።» ደበደቡት። ከዚያች ቃል ንቅንቅ አላለም። ቀበሌ መጋዘን፣ ከሰሊጥ ጆንያ ጋር ተቆልፎበታል።

ስሜን አልጠራም። እፎይ አልሁ። ወዲያው አፈርሁ። 

ኅዳር 12፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ነገ የቤት ለቤት ፍተሻ። አዳነን ነገ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ይወስዱታል። ባለፈው ወር እንዲያ የተወሰዱት ሁለት ሰዎች እስካሁን አልተመለሱም።

ሰኪኖቹን ወንዝ ጣልሁ። ስድስቱን። ሰባተኛዋን፣ አፎቷ የአዞ ቆዳ የሆነችውን፣ እጄ እምቢ አለኝ። ሸሚዜ ውስጥ ደብቄ መለስኋት። ለጥሩነሽ ሁሉንም ጣልሁ አልኋት።

ሰዓቶቹን ግን እንድጥል አልፈለገችም። አዙራቸው ነው የምትለው። በእኛ አቆጣጠር ከሄዱ ሰዓት ጠጋኝ ነህ ብለው ያልፉሃል። እውነቷን ነው። አንዱን አዞርሁ። ሁለተኛውን። አራተኛውን አዙሬ ቆምሁ።

አሥሩም በሱዳን ሰዓት ከሄዱ፣ የአዳነዋም ከዚሁ ሳጥን እንደወጣች ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። የመልእክተኛ ሳይሆን የአንድ ቂል ሰው ዕቃ ናት ይባላል። ካዞርኋቸው ግን እኔ እድናለሁ፣ እሱ ምስክር የለውም።

ይህን ነገርኋት። ልጃችንን ታጠባ ነበር፣ ቀና አላለችም። «ለእሱ አንተ መሰከርህለት። ለዚች ልጅህስ ማን ይመስክርላት?»  ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር፣ ያውም የሰው ነፍስ።

ኅዳር 13፣ ጧት

ፍተሻው ከላይኛው ሰፈር ጀምሯል። መኪናው አሁንም ቀበሌው በር ላይ ቆሟል፣ ገና ነዳጅ እየቀዱለት ነው።

ጥሩነሽ አልጋ ስታነጥፍ ሰኪኗን አገኘች። ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሰዓት ቂልነት ይባላል፣ ሰኪን ግን መሣሪያ ነው። ከሰኪኗ ጋር ቢያገኙኝ ስለ አዳነ የምለውን ማን ይሰማል? ዎርክሾፕ ወስጄ ሞርሳው፣ ብረት መቆንጠጫው ላይ አሰርኋት። በመዶሻ ሁለት ጊዜ። እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረች። ለብረት ማልቀስ ነውር ነው፣ አለቀስሁ።

ተመልሼ አራቱን ሰዓቶች እንደገና ወደ ማዶ አቆጣጠር አዞርኋቸው። አሁን የእኛ ሁለት ሲል አሥሩም ሰባት ይላሉ። ሳጥኑን በሻሽ አሰርሁት። ጓ/ ጣሰው ፊት እከፍተዋለሁ፣ ሰዓቷን ያሰርሁለት እኔ ነኝ እላለሁ። ቢያምነኝ አዳነ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ባያምነኝ መኪናው ላይ ሁለት እንሆናለን።

ጥሩነሽ ልጃችንን አዝላ በር ላይ ቆማለች።  ጋቢዬን አጥፋ ሰጠችኝ። በዚህ ሙቀት ጋቢ ለምኔ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ጎንደር ይበርዳል። ተቀበልኋት።