የሱሪው ወገብ

ጥቅምት 3
ዛሬ አራት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ቀሚስ አጠበብኩ። የስፌት መኪናውን ከመክደኔ በፊት ደግሞ የባለቤቴን የሥራ ሱሪ ወገብ ፈትቼ ሁለት ጣት አሰፋሁ። በዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ። እሱ አያውቅም። "ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ልኬ አንድ ነው" እያለ ይንጎራደዳል። ይኩራ… ምን ይጎዳል?

ጥቅምት 11
ጎዳው። መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። ዶክተሯ ሁለታችንንም አስገብታ፣ "በሦስት ወር ካልወረደ አውቶቡስ እንዲነዱ አልፈርምም" አለችው። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ይዞ የኖረ ሰው… ወደ እኔ ዞረች። "ብቻቸውን አይችሉትም። ቤተሰቡ አብሮ ካልበላ፣ አብሮ ካልተራመደ ከንቱ ልፋት ነው።"
እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ዶክተር፣ እኔኮ አልወፈርኩም። ሱሪዬ ምስክሬ ነው።"
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥቅምት 14
ልጃችን ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ግን አሰልጣኝ ሆናብናለች። ለስላሳውን ከፍሪጅ አባረረች። ከእራት በፊት ሦስታችንም እስከ ድልድዩ ደርሰን መመለስ ግዴታ! ቁጭ ብሎ የዋለ ጉልበቴ ሲንቋቋ ሰፈር ሰማ። አባቷ ግማሽ መንገድ ላይ "ታክሲ ጥሩልኝ" አለ። የተቀቀለ አትክልት ሳቀርብለት ደግሞ፣ "ጥንቸል ነው እንዴ ያገባሽው?"

ኅዳር 2
እንራመዳለን፣ እሱ ግን ልቡ የለበትም። አሁንም "ሱሪዬ" ይላል። ሱሪው እስካለ ድረስ ዶክተሯን አያምናትም… ነገርኩት።
"ሦስቴ አስፍቼዋለሁ። እንዳይከፋህ ብዬ።"
አልጮኸም። ሱሪውን ገልብጦ የድሮውን ስፌት ምልክት በጣቱ ተከተለው። "ሞኝ አደረግሽኝ" አለ። ልክ ነው።

ኅዳር 3
ብቻውን ሊራመድ ሄደ።

ኅዳር 4
ዛሬም። አሰልጣኟ ልጃችን፣ "እማዬ፣ ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ። ሱሪውን አሰፋሁለት ልበላት?

ኅዳር 6
በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ልጅቱ ቀደም አለች። "እኔም የደበቅኩሽ አለ" አለኝ። ለካ ምሳውን ከሹፌሮቹ ጋር በልቶ ነው ቤት የሚመጣው። ከዚያ እኔ ጋ ይደግማል።
"ደክመሽ ሠርተሽ፣ በልቻለሁ ልበልሽ?"
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ከተጋባን ጀምሮ።"
ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። እየተዛዘንን ልንገዳደል ነበር እኮ። ከነገ ጀምሮ ምሳው ወይ እዚያ ወይ እዚህ… ተስማማን።

ታኅሣሥ 19
ዝናብ። ዛሬስ ይቀራል ብዬ ነበር። ጃንጥላ ይዞ ቀድሞኝ ወጣ።

ጥር 12
ስኳሩ ወርዷል! ዶክተሯ፣ "ገና ይቀርዎታል" አለች፣ ግን ፈረመች። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው፤ መንገድ ላይ ሁለቴ ዳበሰው።
እራት ላይ ሳህኑ ግማሽ ሲደርስ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።
"በቃኝ" አለ።
"በሞቴ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። በዚህች ቃል ስንት ጭልፋ ጨምሬበታለሁ… ዋጥኳት። አልከፋኝም። እሺ፣ ትንሽ ከፋኝ። ሳህኑን ግን አነሳሁ።