ጉድጓዱ አፍ ላይ ያበበው

ይድረስ ለወንድምዓለም፤ ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? እኛ ናፍቆትህን ካልቆጠርነው ደህና ነን።

ያ በልጅነታችን ቅጠሉን አኝከን «ጨው! ጨው!» እያልን የምንተፋው ሐምራዊ አበባ ትዝ ይልሃል? ከባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ሌላ የትም አይበቅልም ነበር። ዘንድሮ ግቢያችን ገብቶ የውሃ ጉድጓዳችን አፍ ላይ አበበ። እማዬ «ሳናጠጣው ያበበ በረከት» ብላ ዙሪያውን በድንጋይ ከበበችው። ልነቅለው ስል «ምን አደረገሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

የሎሚው ዛፍ ቅጠሉን አራግፏል። አባዬ «እርጅና ነው» ይላል። አንተ ስትወለድ የተከለው ዛፍ ካረጀማ፣ አንተም ሽማግሌ ሆነሃል ማለት ነው! ደግሞ ከጎናችን እሠራዋለሁ ያልከውን ቤት አትቸኩልበት፤ መጀመሪያ መጥተህ ቦታውን እየው።

እማዬም አባዬም በናፍቆት ይስሙሃል። አንተ «እጅሽ ጨው ይፈራል» እያልክ ትስቅብኝ የለ? አባዬ ሾርባዬን ጠጥቶ «እህትህ በመጨረሻ ጨው መመጠን ቻለችበት ብለሽ ጻፊለት» ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩልህ። ሾርባው ውስጥ ጨው መጨመር ከተውኩ ግን ሰነባብቻለሁ።

እህትህ