አውድማው ላይ የተነጠፈው ሣር

መጋቢት 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ዛሬም ጓሮውን ሊደለድሉልኝ አልመጡም፣ አያ ሙሉ። ሚካኤል ነው አሉ። ትናንት ደግሞ ራሳቸውን አሟቸው ነበር። ጥቅሎቹ ጓሮ ተጋድመዋል፤ ዶሮዎቹ ማደሪያ አደረጓቸው። ከባ/ዳር በአይሱዙ የመጣ ሰው ሠራሽ ሣር፣ ላዩ ኩስ በኩስ።

ልጄ ውባለም ከደ/ታቦር ደወለች፤ ሥልጠና ላይ ናት። ተጀመረ ወይ አለችኝ። እየተጀመረ ነው አልኋት። ውሸት። ያውም በጾም።

ላንቺም በቅጡ አልነገርሁሽም፣ ደብተሬ። ውባለም የስፖርት መምህርት ናት፤ የሴቶቹን መረብ ኳስ ታሠለጥናለች። የት/ቤቱ ሜዳ ላይ አዲስ ክፍል ተሠራበት። የተረፈችውን ወንዶቹ ለእግር ኳስ ያዟት። ሴቶቹ ከፋሲካ በኋላ ውድድር አለባቸው፤ መለማመጃ ካላገኙ ይቀራሉ። የኛ ጓሮ ሰፊ ነው አለች። ሰፊ ነው። የአባቷ አውድማ ነበር። አንድ ሆቴል ነቅሎ የጣለውን ሣር ለምና አመጣች። እሺ አልሁ። ለዚች ልጅ እምቢ የምልበት አንደበት የለኝም።

መጋቢት 14፣ ዓርብ

ገበያ። ግማሹ አገር ጥቅሉን ሊያይ በጓሮዬ በኩል አለፈ። አንድ ሽማግሌ በስንት ጊዜ እንደሚታጨድ ጠየቁኝ። አይታጨድም አልኋቸው። ታዲያ ምን ይሠራል? አሉ። የጎረቤት ላም ገብታ አሸተተችው፣ ላሰችው፣ ዞር ብላ አየችኝና ሄደች። ከሰው ሁሉ እሷ ተሻለች። ምክር አልሰጠችም።

መጋቢት 17፣ ሰኞ

በመጨረሻ መጡ። አያ ሙሉ የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። በዚህ አገር እንደሳቸው አውድማ የሚያሰናዳ የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ውባለም በስልክ የላከችውን አነበብሁላቸው። አፈሩ ይቆፈር፣ ጠጠር ይግባ፣ በላዩ አሸዋ፤ ውኃው እንዲወርድ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ያዘንብል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሳቁ።

«የወንድሜ ሚስት፣ ማንበብሽ መልካም ነው። አውድማ ግን በንባብ አይለቀለቅም። ጠጠር የሚደፋው የአህያ መንገድ ላይ ነው።»

ስልኩን መቀነቴ ውስጥ መለስሁት። ፊደል የቆጠርሁት ለብቻዬ፣ ከልጄ አሮጌ መጻሕፍት ነው። ዝምታን ግን ያስተማረኝ አገር ነው፤ እሱን በደንብ ነው የማውቀው።

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት

ጨረሱ። ጠፍጣፋ። እንቁላል ቢያስቀምጡበት አይንከባለልም። ደለደሉ፣ ረገጡ፣ እበት ከገለባ አቡክተው ለቀለቁት። ጫማቸውን አውልቀው ነው የሠሩ። ልርዳዎት ብዬ ስጠጋ ከዳሩ መለሱኝ።

«ሴት አውድማ አትረግጥም። በረከቱ ይሸሻል።»

የሚጫወቱበት እኮ ሴቶች ናቸው አልኋቸው። በሆዴ።

እኔ ያችን መሬት ረግጫት አላውቅም። ውባለም ግን ረግጣታለች፤ ሕፃን ሆና፣ የጨርቅ ኳሷን ተከትላ፣ በሬዎቹ ሲያበራዩ። አባቷ ዝም አለ። አለንጋውን ያነሣሁባት እኔ ነኝ። ይህን ታውቂዋለሽ፣ ደብተሬ። አልደግመውም።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

ሣሩ ተነጠፈ፤ ዳሩ በካስማ ተወጠረ። ያበሽቃል፣ ግን ያምራል። ነጩ መሥመር እንኳ አለ። ለውባለም ፎቶ ላክሁላት። ከሥሩ ምን እንዳለ አልጠየቀችኝም። እኔም አልተናገርሁም።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ዘነበ። ለገብሱ ስንለምን የከረምነው ዝናብ ዛሬ መጣ። ውኃው የትም አልሄደም። ሣሩ ተነሥቶ ተንሳፈፈ። ዶሮዎቹ ዳር ዳር ቆመው ያያሉ። እኔም አያለሁ።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ይሸታል። የራሰ እበት፣ የራሰ ላስቲክ። አያ ሙሉ መጡ፤ በዱላቸው ጫን ጫን አድርገው መረመሩ፤ ፈረዱ።

«አውድማው ምንም አይወጣለትም። ሣሩ ነው ውሸታሙ።»

እውነታቸውን ነው። አውድማው ጠብታ አያሳልፍም። ገብስ ልወቃበት ቢሆን እጃቸውን እስም ነበር።

መጋቢት 27፣ ሐሙስ

በቀለ። ከገለባው ጋር የተቦካው ገብስ በሣሩ ቀዳዳ ብቅ ብቅ ብሏል። ከውሸተኛው መሐል እውነተኛው። ጎረቤቴ በአጥር አንገቷን አስግጋ፣ መቼ ነው የምታጭጅው፣ ደቦ ልጥራልሽ ትላለች። እስቲ ሳቂ። እኔ አልቻልሁም።

መጋቢት 28፣ ዓርብ

አያ ሙሉን ለመንኋቸው። አውድማውን ይፈንቅሉት፣ ጠጠሩ ይግባ አልሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ። ራሴ ደነገጥሁ። እሳቸውም ደነገጡ።

«በእጄ የለቀለቅሁትን አውድማ በእጄ አላፈርስም። አውድማ ያፈረሰ ጎተራው ባዶ ይቀራል።»

ጎተራዬ ባሌ ከሞተ ወዲህ ባዶ ነው። የምበላውን የምሸምተው ከዓርብ ገበያ ነው። ይህንም አልተናገርሁም፤ ድምፄ ያችው ነበረች፣ አለቀች።

ማታ ውባለም ደወለች። ነገ ረፋድ ላይ ትደርሳለች፣ ሴቶቹንም ይዛ ትመጣለች። ሜዳው አልደረሰም አልኋት። ለምን እንዳልደረሰም፣ ዝም ብዬ እንዳየሁም፣ ሁሉንም ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም።

«ተይው እማ። ድሮም እኮ የኔ ቦታ አልነበረም» አለች። ዘጋች።

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ባለወልድ ነው። መሬት አይቆፈርም። ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ካስማዎቹን ነቀልሁ፤ ሣሩን እየጎተትሁ ጠቀለልሁ። ከዚያ የባሌን ዶማ አነሣሁ። ዳሩ ላይ ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ማን እንዳዘዘኝ እንጃ። ቆምሁ። መልሼ አጠለቅሁና ረገጥሁ።

ምንም አልሆነም። መሬት ነው።

መሐሉ እንደ አለት ነው፤ እጄ ውኃ ቋጠረ። አያ ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጥሩ በኩል አዩኝ። አማተቡ። ዶማውን ስታነሺ ከወገብሽ አይሁን፣ ከጉልበትሽ ነው አሉኝና አለፉ። ተናድጄ ስሞክረው ልክ ነው። ያም አናደደኝ።

ይህን የምጽፈው ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ፣ ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ ነው። ሩቡን እንኳ አልፈነቀልሁም። ጠጠሩ ገና ወንዝ ነው፣ አሸዋውም። ግን የሴት ልጆች ሳቅ ይሰማል፤ በሩ ተከፈተ። ውባለም ናት። እስከ አውድማው ዳር መጥታ ቆመች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ እግሯን ሰብስባ ቆማለች። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ልትፈታ

በቃ፣ ልዝጋሽ። አትፍቺው ልበላት። ከነጫማሽ ግቢ።