ሚስተር ኩርያን ያላሰለፉህ ቀን

ሚኒያፖሊስ፣ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.

ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ሰነበትክልኝ? የልብህን መድኃኒት ሳታቋርጥ ትወስዳለህ ወይ? ልጅህ ጊፍቲስ ማስተማሩን ለመደችው? እኔ ሥራ ቢበዛብኝም ደህና ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስማቸው ሲነሳ ከቤት ስለምትወጣባቸው ሰው ነው። አሠልጣኝህ ሚስተር ኩርያን ባለፈው ሐሙስ አረፉ።

እኔ ወደምሠራበት፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለው ነርሲንግ ሆም ወደሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ልጃቸው ነሐሴ ላይ አመጣቻቸው። ካልሲያቸውን ሳወልቅ ያን በልጅነታችን የምናውቀውን የተጣመመ የእግር አውራ ጣታቸውን አየሁና እሳቸው መሆናቸውን አውቄ ደነገጥኩ።

ጤና በተሰማቸው ቀን ስለ ኑሯቸው ያወሩኝ ነበር። በወጣትነታቸው ከኬረላ ካልካታ ሄደው ስድስት ዓመት በባዶ እግራቸው ለክለብ ተጫውተዋል። ኋላ ጫማ ግዴታ ሲሆን ኳሱ አልታዘዝ አላቸው። አሠልጣኙም ምክንያቱን ሳይነግራቸው ከቡድኑ አወጣቸው። እሳቸው አሠልጣኝ ሲሆኑ ማንንም እንዲህ ላያደርጉ ለራሳቸው ቃል ገቡ። በሂሳብ መምህርነት ተቀጥረው ነቀምቴ ሲመጡም ቃላቸውን ጠብቀው ነበር፤ ከአንድ ቀን በቀር።

ያን ቀን ታውቀዋለህ። ከጊምቢ ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበር። አንተን፣ አምበሉን፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጡህ። ለምን ብለህ ስትጠይቃቸው ዝም አሉ። ማሊያህን እግራቸው ሥር ጣልከው። ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካህም፣ ለእሳቸውም ሰላምታ አልሰጠህም።

ከጨዋታው በፊት በነበረው ሐሙስ ጓሮ ወድቀህ ነበር። ከንፈርህ ጠቁሮ ነበር። ስትነቃ ለማንም እንዳልናገር አስማልከኝ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁና በትምህርት ቤቱ በኩል ዞሬ ሚስተር ኩርያንን አነጋግሬ ተመለስኩ። ሐኪሞቹ ሕመምህን ያወቁት ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አንተው ታውቃለህ።

መስከረም ላይ ሳጥባቸው እጄን ያዙኝ። ሰው መለየት አቅቷቸው ስለነበር ማን እንደሆንኩ ያወቁ አልመሰለኝም ነበር። በአማርኛ፣ በዝግታ፣ «እስካሁን አልነገርኩትም ልጄ፣ አይዞሽ» አሉኝ።

አንተ በሕይወት እንዳለህ ነገርኳቸው። ስንት ልጆች አሉት ብለው ጠየቁኝ። አራት አልኳቸው። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ አራት ቆጠሩ፤ እጃቸውንም እንደጨበጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መቆጣት ካለብህ የምትቆጣው እኔን ነው።

እግዚአብሔር ለልጆችህ ያቆይህ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ታናሽ እህትህ