ጡሩምባ የሞተባቸው ሁለት ግጥሞች

ውድ ጡሩምባ፣

«ይሄ ግጥም የሞተ ያስነሳል!» አለ በግጥም ምሽቱ ላይ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ። እኔም ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቅሁህ። የገባው አንድ ዘግይቶ የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አዳራሽ ተሳስቶ ኖሮ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ስላንተ የተጻፈ ግጥም ነበር። ምሽግ ሰብረህ ትገባለህ፣ ደረትህን ለጥይት ትሰጣለህ፣ ፈገግ ብለህ ትወድቃለህ። ፈገግታውን አምናለሁ። ምሽጉ ላይ ግን ተቸገርኩ፤ አንተ የማተሚያ ቤቱን የኋላ በር እንኳ አንኳኩተህ ነበር የምትከፍተው።

ግጥሙ ሊታተም ሲመጣ እርማቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ደንባችንን ታውቃለህ፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ከረቂቁ ጋር ያመሳክራል፣ ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር በቃል ይጠራል። ከማሽኑ ጩኸት በላይ እያነበብክ አይደል ጡሩምባ የተባልከው? አሁን ወንበርህ ላይ የሚቀመጠው ታናሽ ወንድምህ ነው። ሌላ አንባቢ ስለሌለን እሱ አነበበው።

«ደረቱን ለእሳት ሰጠ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሳቀ በሞቱ ላይ፣ አራት ነጥብ።»

ሲጨርስ ዓይኑ በርቶ ነበር። «ለካ እንዲህ ነው የሞተው!» አለኝ። በማግስቱ የምልመላ ጣቢያው የት እንደሆነ ሲያጠያይቅ ተሰማ።

እናትህ ማተሚያ ቤት ድረስ መጡ። «አንተ ልጅ፣ ጦርነቱ አንዱን በልቶብኛል። ይሄን አስቀርልኝ። እኔን አይሰማኝም፤ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። የተማረ ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ፤ ሌላ የተማረ ሰው ያማክራል። ገጣሚው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እንዲህ አይደለም የሞተው» አልኳቸው። አንድ የግንባር አምቡላንስ ሹፌር ለለቅሶህ መጥቶ ያወራልንን አወራሁላቸው፦ ሆድህን መመታትህን፣ ጭቃ ላይ ተኝተህ እስኪመሽ ውሃ ስትለምን መዋልህን፣ የሰማህም ሁሉ ከጉድጓዱ ንቅንቅ አለማለቱን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ሳላውቅ አሳምሬ ገደልኩታ!» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አለቀሱ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሱ።

ሁለተኛው ግጥም፣ ምን ልበልህ፣ እጅግ ጥሩ ነው። ጀግና የለበትም። ጭቃ፣ ዝንብ፣ አንጀት፣ ያልመጣ ውሃ። ይህን ያነበበ ሰው ጦርነት በሕልሙም አይሄድም ብዬ ለወንድምህ ሰጠሁት።

«ውሃ አለ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ውሃ አለ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሰማዩ ዞረበት...» እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«አንድም ሰው አልሄደለትም?»

«አንድም።»

«አራት ነጥብ» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ቀለሙን ከጥፍሩ ሥር እስኪለቅ ፈተገው። እኔ ሞኙ፣ አስቀረሁት ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር። ለእናትህ የነገራቸው ይህን ብቻ ነው፦ «እማዬ፣ ውሃ የሚለምን ካለ የሚሄድለት ሰው ያስፈልጋል።»

ለዝና ብሎ የሄደን ሰው በፍርሃት መመለስ ይቻል ይሆናል። ይሄንን በምን ልመልሰው?

እናትህ አልሰደቡኝም። «ሁለቱንም ያስነበብከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ሦስተኛ እንዳታስጽፍ።»

ትናንት ሹፌሩን ፈልጌ አገኘሁት። በቦታው የነበረ ሰው ነውና ጦር ሰፈሩ ድረስ ሄዶ ወንድምህን እንዲያናግርልኝ ልለምነው ብዬ ነው። መኪናው ሥር ተጋድሞ ዘይት እየቀየረ ነበር፤ ከዚያው ሳይወጣ ሰማኝ።

«እኔ እኮ የዚያን ቀን ሌላ ግንባር ነበርኩ» አለ። «ከአንድ ሹፌር ሰምቼ ነው።»

«እሱስ?»

«እሱም ሰው ነግሮት ነው።»

እንግዲህ ደህና ሁን። ወንድምህ ከተመለሰ እጽፍልሃለሁ፤ ካልተመለሰ ራሱ ይነግርሃል። ለካ ስትሞት ያየህ ሰው የለም።

ጓደኛህ፣ አራሚው