ከጉድጓድ የወጣው ቁልፍ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ ዓለምዘውድ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ጋሼ ባልቻ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? የሞላሌ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ዛሬ ደህና ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ደርሶሽ ከሆነ እባክሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው። «ከሥራ ልባረር፣ ምናልባትም ልታሰር ነው» ያልኩት ሁሉ ቀርቷል። ያን ዕለት ፍርሃቴን እንጂ ነገሩን በቅጡ አልነገርኩሽም።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና የተቆለፈበት የብረት ሣጥን ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። እንዳይጠፋብኝ ብዬ በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ሰኞ ጠዋት ከተከራየሁበት ግቢ ጉድጓድ ውኃ ልቀዳ ጎንበስ ስል ክሩ ተበጠሰና ቁልፉ ጠልቆ ቀረ። ፈተናው ሐሙስ ነው። ሣጥኑን ብሰብረው «ፈተናውን ሸጦ ነው» መባሌ አይቀርም፤ ፈተናውም ይሰረዛል። የሰኔ ዝናብ ጉድጓዱን ሞልቶታልና ሰው ገብቶ አያወጣውም።

የከፋው የአከራዮቼ ልጅ የኡሚ ነገር ነበር። አባቷ አቶ ሰይዶ፣ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፣ ከእንሴኖ ለጋብቻ የመጡትን ሽማግሌዎች «ዘንድሮ ተፈትና ካለፈች ትማራለች፣ ያለዚያ ትዳር ትይዛለች» ብለው መልሰዋቸዋል። ፈተናው ከተሰረዘ የልጅቷ ነገር አበቃ ማለት ነው። እናቷ ወይዘሮ ጠይባ ይህን እያወቁ አንድም ቃል አልወቀሱኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ የማስተምረውን ራሴ ልሞክረው ተነሣሁ፤ ቁልፉ ብረት ነውና በማግኔት ስቤ ላወጣው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ በሽቦው ዙሪያ ትንሽ የማግኔት ኃይል ይፈጠራል። አንድ ዙር ሽቦ ብቻውን አቅም የለውም፤ በብረት ላይ ደጋግመሽ ብትጠመጥሚው ግን የየዙሩ ኃይል ይደመራል፣ መኻል ያለው ብረትም ያበረታዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ኤሌክትሪኩን ስታቋርጪው ደግሞ የያዘውን ይለቃል። ከአውቶብስ ሹፌሩ ከሀቢቡ ባትሪና ከተጣለ ዲናሞ የወጣ ሽቦ ለመንኩ። ሽቦው ቀለም የተቀባ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ኤሌክትሪኩ ዙሩን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል። በወፍራም ቡሎን ላይ ጠመጠምኩትና በመርፌ ብሞክረው፣ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ባትሪህ ሞቷል ብዬ ሀቢቡን ተቆጣሁት፤ እሱም አምፖል አብርቶበት አሳፈረኝ።

ወይዘሮ ጠይባ በረንዳው ላይ የእንሰት ቃጫ ገመድ እየገመዱ ሲያዩኝ ቆዩ። ግማሹን ወደ ቀኝ፣ ግማሹን በላዩ ላይ ወደ ግራ ለምን እንዳዞርኩት ጠየቁኝ። ሽቦው እንዳይጣመምብኝ ብዬ ነው አልኳቸው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መኻል ሳቁብኝ። ገመድ ወደ ቀኝ ገምደህ መልሰህ ወደ ግራ ብታዞረው ይፈታል እንጂ ይጠብቃል እንዴ አሉኝ። እኔ ዲፕሎማዬን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት መምህር ክው ብዬ ቀረሁ። አንዱ ግማሽ የሌላውን ኃይል ሲያጠፋው ነው የዋለው።

ሁሉንም ፈትተን በአንድ አቅጣጫ ጠመጠምነው። መርፌዋ ዘላ ተለጠፈች። ሽቦው ከላይ ከባትሪው እንደተያያዘ፣ ቡሎኑን በእሳቸው ገመድ አስረን ወደ ጉድጓዱ አወረድነው። መጀመሪያ የአሮጌ ባልዲ እጀታ ወጣ፣ ቀጥሎ ጭቃ ብቻ፣ በሦስተኛው ቁልፉ። ወይዘሮ ጠይባ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መሬት ላይ ዘፍ አሉ። እኔም አለቀስኩ፤ አንቺን አልዋሽሽም።

ሐሙስ ሣጥኑ በቁልፉ ተከፈተ። ውጤቱ ገና ነው፤ ኡሚ ግን ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ለዳይሬክተሩም እውነቱን ነገርኳቸው፤ እስኪበቃቸው ተቆጡና ያን ቡሎን አምጥተህ አሳየኝ አሉ። እፎይ ብያለሁ፣ እትዬ። ምግብ እንኳ ዛሬ ነው የጣመኝ።

ጋሼ ባልቻን እጅ ነሥቷል በይልኝ። አሰፋሽንና ፀዳለን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለ። እኔን ለዚህ ያበቃሽኝ የበግ ፀጉር እየፈተልሽ ነው። ዐሥር ዓመት ከጎንሽ ተቀምጬ ትምህርቴን ሳጠና፣ እንዝርትሽ ወደ የት እንደሚዞር አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። ለክረምት ስመጣ አሳዪኝ።

ወንድምሽ ሸዋንግዛው
ቡታጅራ፣ ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.